ጉርሻው የእንግዳው፣ ደመወዙ የእርስዎ

«ደመወዝ ምን ያደርግላታል? ጉርሻው ይበቃታል!»

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፍ ሉማሜ ላይ ለቁርስ የወረደ ሰው፣ የአስተናጋጅ ክፍያ ነገር ካነሣ ከምግብ ቤቱ ባለቤት ይህን መልስ አያጣም። እኔ ግን ሰምቼ ዝም አልልም። ጋሼ፣ ጉርሻውን ማን ሰጣት? እንግዳው። እርስዎስ ምን ሰጧት? የጤፍ ነጋዴው ኩንታሉን ሲያራግፍልዎ «ሌላም ቤት ሸጠሃል፤ እሱ ይበቃሃል» ብለው ባዶ እጁን ሸኝተውት ያውቃሉ? አያደርጉትም። ጤፍ ያቀረበ ይከፈለዋል፣ በሬ ያቀረበ ይከፈለዋል፣ ጉልበቷን ያቀረበችው ልጅ ግን ከመንገደኛ ኪስ ትፈልግ ተብላለች። ለምን?

«ሕጉም ቢሆን ጉርሻን ይቆጥርልኛል» አሉኝ። አይቆጥርልዎትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53ን ያስነብቡ። ደመወዝ ማለት ሠራተኛ በሥራ ውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ በመደበኛነት የሚከፈለው ነው ይልና፣ ደመወዝ የማይባሉትን ሲዘረዝር ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከዚያው ውስጥ ያስገባዋል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልዎ። የወሊድ ፈቃድ ክፍያዋ የሚሰላው በደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓቷ፣ የሥራ ስንብቷ፣ እርስዎ 11 እሷ 7 በመቶ የምታዋጡት ጡረታዋም እንዲሁ። ደመወዟ ለስም ያህል ከሆነ እነዚህ ሁሉ ለስም ያህል ይሆናሉ። ወልዳ አልጋ ላይ ስትውል የትኛው መንገደኛ ነው ቤቷ ድረስ መጥቶ ጉርሻ የሚያስቀምጥላት?

«ከየት አምጥቼ ልክፈል? ገበያው ቀዝቅዟል።»

እንግዲህ አውቶቡሱ ሲቆም እንይ። ሹፌሩና ረዳቱ ጓዳ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጥብስ ይቀርብላቸዋል። ሒሳቡ የማን ነው? የእርስዎ። ለምን? መንገደኛ ስላመጡልዎ። ይብሉ፤ ሌሊት ተነሥተው፣ ዓባይ በረሃን ወርደው ወጥተው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ አልቀናባቸውም። ግን መንገደኛ ያመጣ ዋጋ ካለው፣ ያንን ሁሉ መንገደኛ አብልታ የምትሸኘው በምን ሒሳብ ዋጋ አጣች? ስድሳ ሰው በአንድ በር ይገባል። አንዱ ሽሮ ይላል፣ አንዱ ፍርፍር፣ አንዱ ጾመኛ ነኝ ይላል፣ አንዷ ለልጄ ሙቅ ውኃ ትላለች፣ ከጥግ አንዱ ያጨበጭባል። ትእዛዙን ሁሉ በቃሏ ይዛ ትገባለች፤ ትሪ ተሸክማ ትወጣለች፤ ሳይሳሳትባት ታድላለች። ገና ቡናው ሳይደርስ ረዳቱ «ተሳፋሪ!» ብሎ ይጣራል፣ ጥሩምባ ይነፋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ «ሒሳብ!» ይላል። ይህን በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ሰው ካለዎት ያሳዩኝ።

ታዲያ በዚያ ግርግር አንዱ ሳይከፍል ይሳፈራል። «የእሱ ከእሷ ይቆረጣል፤ ብርጭቆም ከሰበረች እንደዚያው።» ማን ፈቀደልዎት? አንቀጽ 59 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛዋ ራሷ በጽሑፍ ካልተስማማች ከደመወዝ አይቆረጥም ይላል። ሲቆረጥም ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። ጥሩምባውን የነፋው ረዳት ጥብሱን በልቶ ሄደ፤ ያመለጠውን ሽሮ ልጅቱ ትክፈል? ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

«ምግብና መኝታ እሰጣታለሁ።» እሺ። የምትበላው ስንት ሰዓት ነው? የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ። የምትተኛውስ የት ነው? እህልና ቢራ ከተደረደረበት ክፍል፣ የሌሊቱን መኪና ለመቀበል እንድትቀርብልዎ። እንግዲያው ሰዓቱንም እንቁጠረው፦ መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈው በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል ይከፈላል። ፋሲካን አብራዎት የዋለችው ልጅ ስንት አላት?

አሁን ደግሞ ከወዲያ ጠረጴዛ ያለው ወንድሜ ጣልቃ ገባ። «ሃምሳ ብር ሰጥቻት ፈገግ እንኳ አላለችም።» ወንድሜ፣ የበላኸው ጥብስ ነው፤ ጥብሱ ደርሶሃል። ፊቷ ከምግብ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። «ስልኳንም ብጠይቃት ከለከለችኝ።» ደግ አደረገች! ግን ሁሉም እንደ እሷ መከልከል አይችልም፤ የዚህ ሁሉ ክፋት ያለውም እዚህ ላይ ነው። የዕለት ጉርሷ ከሰካራም ኪስ የሚወጣ ልጅ ክንዷን ለያዛት ሰው እንዴት ፊት ትንሣው? «እጅህን አንሣ» ለማለት ወር ሲደርስ የሚጠብቃት ደመወዝ ያስፈልጋታል።

«እኔም በጉርሻ ነው ያደግሁት፤ ማንም ደመወዝ አልከፈለኝም» ያሉት የቤቱ እመቤት እትዬ ናቸው። አውቃለሁ፤ ከትሪ ተነሥተው ይህን ቤት ያቆሙ ብርቱ ሴት ነዎት። እትዬ፣ ያኔ ማታ ማታ ሲያለቅሱ ማን ባየኝ ይሉ ነበር? አሁን ማየት የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

«እህቴ አሜሪካ ናት፤ እዚያም በጉርሻ ነው የሚኖሩት አለችኝ።» ወሬውን ሙሉውን ያድርሱት እንጂ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ይክፈል የተባለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ዛሬም አልተነሣም። ይህ ራሱ ያሳፍራል። ነገር ግን ጉርሻው ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ ጎደሎውን አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያስገድዳል። ወለል አለው። የሐበሻ ምግብ ቤት በሞላባት ዋሽንግተንም ቢሆን ሰው በዚህ አልረካም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአስተናጋጆች ሙሉ ደመወዝ ይከፈላቸው ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ የከተማው ምክር ቤት ሻረው፣ በ2022 ሕዝቡ ተመልሶ ያንኑ መረጠ። እንግዲህ እህትዎ ያለችበትን አገር ከጠሩ ሙግቱንም ጭምር ይጥሩት።

«ታዲያ ወለሉን መንግሥት ያስቀምጣ!» በዚህስ አንጣላም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ካለ ዓመታት ነጎዱ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሰማኮ) የዝቅተኛ ደመወዝ ነገር ይወሰን እያለ በየሠራተኞች ቀን ይጮኻል። መንግሥት የራሱን ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ኑሮው ተወዶ ያም አይበቃም፤ ቢሆንም ቁጥር ነው። እዚሁ በአዋበል ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትላላከው ሴት ከዚህ በታች አይከፈልሽም የተባለችበት ቁጥር አላት። ለእሷ ሻይ የምታቀርብላት ልጅ ግን የላትም። ሕጉ እስኪመጣ ጋሼን የከለከላቸው ማን ነው? ዝቅተኛ አልተወሰነም ማለት አትክፈል ማለት አይደለም።

«መንገድ ሲዘጋስ? መኪና ሳያልፍ ሲከርም እኔም እከስራለሁ።» እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። እንጀራው ይሻግታል፣ ቢራው ይቆማል፣ የቤት ኪራዩ ግን አይቆምም። ያን ጊዜ እሷም ጉርሻ የላትም፣ እሷም ለእናቷ የምትልከው አጥታለች። ኪሳራውን እኩል ተሸከማችሁ። መንገዱ ሲከፈትስ፣ ትርፉንም እኩል ባይሆን በመጠኑ ተካፈላችሁ?

ስለ ስልክ ክፍያም አንድ ነገር ልናገር። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሰው የበላበትን ልክ በልክ ይልካል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀር መልስ የለም። አንዳንዱ ደግሞ «ሃምሳ ጨምሬያለሁ፣ ለልጅቷ ስጧት» ይልና ይወጣል። ብሩ የገባው ባለቤቱ ሒሳብ ውስጥ ነው። «እሰጣታለሁ፣ ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። ያስቸኮለኝ እሷ ዛሬ ራት መብላቷ ነው። እንግሊዞች ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪ ከጉርሻ ላይ ምንም እንዳያስቀር በሕግ አግደዋል። እርስዎ ሕግ አያስፈልግዎትም፤ አንድ ደብተር ይበቃዎታል፤ የገባውን ጽፈው ማታውኑ ያስረክቧት። እንጀራ ጋጋሪዋንና ዕቃ አጣቢዋንም አይርሷቸው። ከጓዳ ስለማይወጡ ጉርሻ የሚባል አይተው አያውቁም፤ «ጉርሻው ይበቃታል» ያሉት ለእነሱ ምን ሊሉ ነው?

ጋሼ በመጨረሻ ተቆጡ። «ይህን ሁሉ ከከፈልሁ በየዓይነቱ ላይ ዋጋ እጨምራለሁ፤ ያን ጊዜ አንተው ነህ የምትጮኸው!»

ይጨምሩ፣ ጋሼ። አልጮኽም፣ እከፍላለሁ። ጭማሪው የት እንደገባ ግን የምጠይቀው እርስዎን ሳይሆን እሷን ነው።