በርቀት የተማረ ቁልፍ

በሬ የሚከፈተው በጉልበት ነው። የሚያርሰውን ማለቴ አይደለም፤ የሚዘጋውን ነው። ቁልፉን እከትና መዝጊያውን ወደ ላይ ሳብ፣ ታችኛውን ጥግ በቀኝ ጉልበቴ ደገፍ ሳደርገው ይዞርልኛል። በመሐል ሜዳ የማታ ብርድ ባና ተከናንቤ እንዲህ ስታገል ያየ ጎረቤት ስግደት ላይ ያለሁ ይመስለዋል።

ዋናው ቁልፍ ጠፍቶ፣ በገበያ ቀን አንድ ቁልፍ ቀራጭ ልጅ ዘንድ ሌላ ካስቀረጽኩ ወዲህ ነው። ሦስት ጊዜ ወሰድኩለት፤ ሦስት ጊዜ ሞርዶ መለሰልኝ። በመጨረሻ «ለመሆኑ ሙያውን የት ተማርከው?» አልኩት።

«በርቀት ነው ጋሼ።»

እንቅልፍ አጣሁ። ታሪክ በርቀት ይገባኛል፤ ሒሳብም ይሁን። መቆለፊያ ግን ውስጡ በስፕሪንግ የተደገፉ ትናንሽ ፒኖች አሉት፤ ሊነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሻሻለው ነው። አንዱ ፒን የፀጉር ያህል ከፍ ዝቅ ካለ አይዞርም። ይኼን ጣት እንጂ ሞጁል ምኑን ያውቀዋል? መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ክረምት የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ ኋላ ሲፈታው የኔን በር ሳያስብ ነው።

ለነገሩ አገራችን መንዝ ቁልፍ ምን ያደርግለታል? አባቶቻችን ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የጓሳን የሣር ምድር ያለ አንድ ጓጉንቸር ቆልፈውት ኖረዋል። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩ እስኪያገግም ሦስትም አምስትም ዓመት ይከለከል ነበር፤ ሲፈቀድ ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ይታጨድ ነበር። ለተላላፊ ቅጣት ነበረው እንጂ ጉልበቱን አስደግፎ የሚከፍተው አልነበረም። ሥርዓቱን የፈታው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። የኔን በር አዋጅም አይፈታው።

በሚቀጥለው ገበያ «የትኛው ኮሌጅ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ።

«ምን ኮሌጅ አለ ጋሼ! መርካቶ የቀጠረኝ ሰውዬ ማሽኑ አጠገብ አያስደርሰኝም ነበር። ደጅ ቆሜ በርቀት እያየሁ ነው የለቀምኩት።»

ደሜ የፈላው ያኔ ነው፤ በልጁ አይደለም። ቀጥቃጩን ቡዳ ብለን ከማዕድ ያራቅነው እኛ ነን። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ፤ ዛሬም ልጃችን ሞረድ ሲይዝ አንገት እንደፋለን፣ ወረቀት ሲይዝ ጠላ እንጠምቃለን። ባለሙያውም የተናቀበትን ሙያ እንደ ሰረቀው ዕቃ ይደብቃል። «ሙያ በልብ ነው» እያልን ልባችን ውስጥ ቆልፈን፣ ቁልፉን ይዘን እንቀበራለን።

ልጁ ቡና ጋበዘኝ። አራተኛ ጊዜ ሞርድልኝ ለማለት አፈርኩ።

እንግዲህ ወደኔ የምትመጡ፣ መዝጊያውን ሳብ፣ በጉልበት ደገፍ ነው። ቀኝ ጉልበት! እስክትለምዱት ደግሞ እኔ ስከፍት በርቀት ቆማችሁ እዩ።