የእጅ ስልክ መቆለፊያና ምስጠራ አዋጅ ቁጥር **** 

የእጅ ስልክ የባንክ ደብተር፣ የፎቶ አልበም፣ የዕቁብ መዝገብና የጓዳ ምሥጢር ሁሉ ማደሪያ ሆኖ ሳለ በ1234 ተዘግቶ የሚውል በመሆኑ፤

የቤቱን በር በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ ሰው ስልኩን ታክሲ ውስጥ ወለል አድርጎ ከፍቶ የሚይዝ ሆኖ በመገኘቱ፤

ስልክ ከተሰረቀ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል ያላለፈ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመቆለፊያና ምስጠራ አዋጅ ቁጥር ****» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ በኮከብ የተሸፈነው በረቂቁ ላይ 0000 ተብሎ የነበረውን የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ በመጀመሪያ ሙከራው ስለደረሰበት ነው።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

1. «መቆለፊያ» ማለት እንግዳ ሰው ስክሪኑን አልፎ እንዳይገባ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው።

2. «ምስጠራ» ማለት በስልኩ ውስጥ የተከማቸውን መረጃ ያለ ቁልፉ ወደማይነበብ ዝባዝንኬ መለወጥ ነው። ዘበኛው ቢታለፍና የስልኩ ማከማቻ ተነቅሎ በሌላ መሣሪያ ቢታይ እንኳ የሚገኘው ይኸው ዝባዝንኬ ነው።

3. «የይለፍ ቃል» ማለት ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ነው። ባለቤት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ታናሽ ወንድምና የሠፈሩ ሞባይል ጠጋኝ አንድ ላይ የሚያውቁት ቃል ግን የማኅበር ስም ይባላል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ቁልፉ አሠራር

1. በአይፎን ምስጠራ ቀድሞም የነበረ ሲሆን፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛው የባለቤቱ መረጃ በይለፍ ቃሉ ሥር ገብቷል። አንድሮይድ 10ን ይዘው የሚወጡ ስልኮችም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ምስጠራ እንዳይሸጡ ተደንግጓል።

2. መረጃውን የሚዘጋው ቁልፍ ከስልኩ ቺፕ ጋር ከተሠራ ምሥጢራዊ ቁጥርና ከባለቤቱ የይለፍ ቃል ተጣምሮ ይወጣል። ቁልፉ ባለ 256 ቢት ሲሆን እሱን በግምት ለማግኘት የሰው ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ሌባ ቁልፉን አይገምትም፤ የሚገምተው የይለፍ ቃሉን ነው።

አንቀጽ 4፦ ስለ ቁጥሮች

1. ባለ 4 አኃዝ ቁጥር 10,000 ዓይነት ነው፤ ባለ 6 አኃዝ 1,000,000 ነው። አይፎን እያንዳንዱን ሙከራ ወደ 80 ሚሊሰከንድ እንዲፈጅ አድርጎታል። ሌላ መሰናክል ባይኖር የመጀመሪያው በ13 ደቂቃ፣ ሁለተኛው በ22 ሰዓት ግድም ተሞክሮ ያልቃል። ትንንሽ የላቲን ፊደላትና ቁጥሮች የተደባለቁበት ባለ 6 ምልክት ቃል ግን ከ5 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስሕተት በበዛ ቁጥር ጥበቃውን የሚያስረዝመው፣ ባለቤቱ ከፈቀደም ከ10 ስሕተት በኋላ ሁሉንም የሚያጠፋው ደንብ የወጣው ለዚሁ ነው።

2. የትውልድ ዘመን የይለፍ ቃል መሆኑ ቀርቷል። ዘመኑን ከአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ መመለስም ምስጠራ አይደለም፤ 7 ወይም 8 መቀነስ የሚችል ሁሉ ይፈታዋል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ፓተርንና አሻራ

1. በ9 ነጥቦች ላይ የሚሣል ፓተርን በ389,112 መንገድ ሊሣል ይችላል፤ ሕዝቡ ግን ከማዕዘን ጀምሮ አንድ የላቲን ፊደል መጻፍን መርጧል። በ2010 እ.ኤ.አ. የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት በስክሪን ላይ የሚተወው ወዝ ፓተርኑን እንደሚያሳብቅ አሳይተዋል። ክትፎ በልቶ ሳይታጠቡ ስልክ መክፈት በዚህ አንቀጽ ምሥጢር እንደማባከን ይቆጠራል።

2. የጣት አሻራ ለፍጥነት ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ ጣት ባለቤቱ ተኝቶ ሳለም ይሠራል። ስልክ ጠፍቶ ሲበራ ግን ጣትን አያምንም፤ የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል። አጠራጣሪ ቦታ ከመድረስ በፊት ስልክን ማጥፋት የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ ስለማይሸፍናቸው ቀዳዳዎች

1. የስክሪን መቆለፊያ ሲም ካርድን አይጠብቅም። ሌባ ሲሙን ነቅሎ በሌላ ቀፎ ከከተተው የባንኩ ማረጋገጫ ቁጥር ለእሱ ይደርሳል። ሲም የራሱ ፒን ሊኖረው ይገባል፤ በ3 ስሕተት ይቆለፋል።

2. ተነቃይ ሚሞሪ ካርድ ብዙውን ጊዜ ሳይመሰጠር ይቀራል። ፎቶን በሚሞሪ አኑሮ ስልክን መቆለፍ ሳጥኑን ደጅ ትቶ ቤቱን እንደመዝጋት ነው።

3. ለጥገና በሚሰጥ ስልክ ጀርባ የይለፍ ቃሉን በፕላስተር መለጠፍ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል።

አንቀጽ 7፦ ቅጣት

በዚህ አዋጅ ልዩ ቅጣት አልተደነገገም፤ ሌባው ራሱ ያስፈጽማል። የይለፍ ቃሉን የረሳ ባለቤትና ስልኩን የሰረቀ ሌባ በምስጠራ ፊት እኩል ናቸው፤ ይግባኝም የለም። ስለዚህ ቅጂ አስቀድሞ፣ እሱም ተመስጥሮ፣ በሌላ ቦታ ይቀመጣል።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ ስለሚነገርበት ሁኔታ

አዋጁ ነጋሪት ተጎስሞ ይነገራል፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ። የይለፍ ቃል ሲሆን ግን የሰማ እንዳልሰማ ይሁን።