መንገድ አይታወቅም

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር ሊሄድ ቲኬት የቆረጠ ሰው ቤት በዋዜማው ማታ ጎራ ቢሉ፣ በማግሥቱ ክርስትና የሚነሳ ሕፃን ያለ ይመስላል። አንዱ ምድጃ ላይ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ሌላው ላይ እንቁላል ይንተከተካል፤ ዳቦ ቆሎው ተቆልቶ ትሪ ላይ ተሰጥቷል፤ ፔርሙዙ ክዳኑን አውልቆ ተራውን ይጠብቃል። አባወራው ደፈር ብሎ «ይኼ ሁሉ ለማን ነው?» ቢል፣ ከጓዳ የሚመጣለት መልስ አንድ ነው፦ «መንገድ አይታወቅም!»

ይህች ቃል ይግባኝ የላትም። ጠዋት ከፉሪ ለቡ የተነሳ ባቡር ከሰዓት በኋላ ድሬ ይገባል ብትሉ፣ መንገድ አይታወቅም። ለአንድ ቀን መንገድ ምን አገልግል ያስፈልጋል ብትሉ፣ መንገድ አይታወቅም። ቁርስ እዚሁ ይበላል፣ እራት እዚያ ዘመድ ቤት ይበላል፣ በመሃል ያለው አንድ ምሳ ብቻ ነው ብላችሁ በጣት ብትቆጥሩማ፣ «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ታሳፍራለህ!» ተብሎ ነገሩ ከሆድ ጉዳይ ወደ ቤተሰብ ክብር ይዛወራል። ምሥጢሩም የሚያመልጠው እዚህች ላይ ነው።

መንገድ በእርግጥ የማይታወቅበት ዘመን ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ 1909 ዓ.ም. ሆነ። መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም፤ ከጅቡቲ የተሳፈረ ሰው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። ያን ጊዜ አገልግል ተይዞ ቢሆን ማንም ምንም ባላለ። ነገር ግን የዚያ ዘመን መንገደኛ ኪሱ ደህና ከሆነ አዋሽ ጣቢያ ከነበረው ቡፌ ወንበር ስቦ በሹካ ይበላል፤ ኪሱ ደህና ካልሆነም ገበያው በመስኮት ይመጣለታል። ባቡሩ በየጣቢያው ቆም ባለ ቁጥር ቅቅል እንቁላል በሳህን፣ ሙዝ በእቅፍ፣ ኤረር ላይ ብርቱካንና መንደሪን በዘንቢል፣ ወደ ምሥራቁ ጠጋ ሲባል ደግሞ የግመል ወተት በዕቃው እስከ መንገደኛው አፍንጫ ድረስ ይዘረጋ ነበር። ባቡሩ ቢንቀሳቀስ እንኳ የዋጋ ክርክሩ አይቆምም፤ ሻጩ እየሮጠ፣ ገዢው እስከ ደረቱ ወጥቶ ይቀጥላሉ። መልስ ይዞ ስለ ቀረ ሻጭ ብዙ ተወርቷል። ብርቱካኑን ታቅፎ ሳይከፍል ስለ ሄደ መንገደኛ ግን የሚያወራ ሰው አይገኝም፤ አውሪዎቹ ሁሉ መንገደኞች ናቸውና።

አዲሱ ባቡር ይህን ገበያ ዘጋው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው መስመር ጣቢያዎቹ ከየከተማው ወጣ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ሻጭ ወደ ፉርጎው ሊጠጋ ቀርቶ ዘመድ ሊሸኝ የመጣ ሰውም ከበር ይመለሳል። መስኮቱም በአየር ማቀዝቀዣ ምክንያት እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ ደረት አያስወጣም። የአውቶቡስ መንገደኛ በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሹፌሩና ረዳቱ በነጻ የሚበሉበት ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ይቆምለታል። የባቡር ነጂ ከምግብ ቤት ባለቤት ጋር እንዲህ ያለ ወዳጅነት ልመሥርት ቢል ሐዲዱ አይታጠፍለትም።

ስለዚህ ስንቅ መያዙ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ መጠኑ ላይ ነው። ለአንድ ምሳ አንድ ምሳ ዕቃና አንድ ሃይላንድ ውሃ ይበቃል። ችግሩ ወንበሮቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ መሆናቸው ነው። ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው የተቀመጡ ሰዎች እያዩ «እንብላ» ሳይሉ መጉረስ በእኛ አገር ወንጀል ነው፤ «እንብላ» ብሎ ደግሞ እሺ ሲባል የሚቀርብ ነገር ማጣት ከወንጀልም ይብሳል። እናት ስንቁን ስታሰናዳ የልጇን ሆድ አይደለም የምትለካው፤ ገና ያላየቻቸውን ወንበሮች ነው የምትቆጥረው። ሌላ ሰፈር ያለችው እናትም ያንኑ ወንበር ቆጥራ እንደዚያው ታሰናዳለች። በማግሥቱ ጠዋት ፉርጎው በሙሉ ጋባዥ ብቻ ተሳፍሮበት ይነሳል። ተጋባዥ የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው የትዕግሥት ጦርነት ነው። ሁሉም ሰው ስንቅ አለው፤ ሁሉም ሰው እርቦታል፤ የሚከፍት ግን የለም። አዳማ ሳይደርስ የከፈተ ሆዳም ነው፤ አዋሽን አልፎ ያልከፈተ ደግሞ ቋጣሪ። በዚህች ጠባብ ድንበር ውስጥ አንድ ጀግና መገኘት አለበት፤ ብዙ ጊዜም የምትገኘው ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት ናት። አገልግሉን ከእግሯ ሥር ጎትታ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥና የጠፍሩን ቋጠሮ በጥርሷ ጭምር ትፈታዋለች። ክዳኑ ሲነሳ ቃሪያና ቅቤው መጀመሪያ ይወጣል፤ ቀጥሎ የታጠፈው እንጀራ፣ ከሥሩ ቋንጣ ፍርፍሩ፣ ከጎኑ የተላጠ እንቁላል፣ ጥግ ላይ በወረቀት የተጠቀለለች ሚጥሚጣ። ስልክ ሲጎረጉሩ የነበሩ ዓይኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ የመስኮቱን ውጭ ያያሉ። ውጭ ላለው ግራርና አቧራ ያን ያህል ትኩረት ተሰጥቶት አያውቅም።

«ልጄ፣ እንብላ።»

«ይባረክ እማማ፤ አሁን ነው የበላሁት።»

«የት ነው የበላኸው? ከለቡ ጀምሮ አጠገቤ አይደለህ እንዴ?»

«ማለቴ… ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት።»

«እሱማ ጠዋት ነው! በሞቴ፣ አፈር ስሆን!»

ልጁ እየዋሸ መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ ማወቋን እሱም ያውቃል፤ ሆዱም በመሃል ድምፅ አውጥቶ መስክሮበታል። ቢሆንም ሦስት ጊዜ እምቢ ሳይባል ጉርሻ የሚቀበል አፍ ያላደገ ነው። በአራተኛው ይጎርሳል። ከጎረሰ በኋላ ግን ዕዳ ገብቷል፤ የራሱን ፌስታል አውርዶ እሱም በተራው «በሞቴ» ማለት አለበት። እንዲህ እየተዟዟረ ሁሉም ሰው የሌላውን ሰው ስንቅ በልቶ የራሱን ይዞ ይወርዳል።

ይህን ሥርዓት የሚያፈርስ አንድ ፍጥረት አለ፤ ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው። ድሬዎች አንቱታ ላይ ጊዜ አያባክኑም፤ ግብዣ ላይም እንዲሁ። «እንብላ» ሲሉት «አቦ አምጪው!» ብሎ እጁን በሃይላንዱ ውሃ ለቅለቅ ያደርግና ይገባበታል። ልጁ ገና ሁለተኛውን እምቢታ እየተለማመደ ሳለ ድሬው እንቁላሉን አጋምሶታል። «አንተም ብላ እንጂ! ምን ታካብዳለህ!» ይለዋል አፉን ሞልቶ። እናትየዋ በልቧ የምትወደው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ማየት ይበቃል። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ተጋባዥ ይኸው ተገኘ።

የምግቡ ምርጫ ራሱን የቻለ ዲፕሎማሲ ነው። ዶሮ ወጥ ይዞ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ምግብ እንጂ ሰው አያውቅም። በዚህ መስመር ክርስቲያንና ሙስሊም ጉልበት ለጉልበት ነው የሚጓዙት፤ የታረደ ነገር ሲወጣ ደግሞ ማን አረደው የሚለው ጥያቄ ሳይነገር በወንበሮቹ መካከል ይቀመጣል። «እንብላ» ባዩም ያፍራል፤ «አልበላም» ባዩም ያፍራል። ጉዞው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ ዶሮው ለባለቤቱም አይሆንም። ይህን የተረዱ ብልህ ሴቶች በፍስክም ቀን የጾም ነው የሚቋጥሩት፦ ሽሮ፣ አዚፋ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ሙዝ። የኦርቶዶክስ የጾም ምግብ ሙስሊሙንም፣ ጴንጤውንም፣ ቻይናውንም ያስማማል። ሽሮ ለሰላም ያደረገችውን አስተዋፅኦ የሚያጠና ሰው ቢገኝ ከዚህ ባቡር ቢጀምር ጥሩ ነው።

ከሁሉም የማዝነው ግን ብስኩት ለያዘው ወጣት ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ «እኔ ዘመናዊ ነኝ፤ ስንቅ ምናምን አልወድም» ያለ ነው። ቦርሳው ውስጥ ግን አንዲት ብስኩት አለች፤ በእሽጓ ውስጥ አራት ፍሬ። በዙሪያው ያሉት አምስት ናቸው። ለሁሉም ቢያዞር ለራሱ አይተርፈውም፤ ደግሞም አንዱ ይጎድለዋል። ሳያዞር ቢበላ የወላጆቹ ስም ይነሳል። ሰው ሁሉ እንዲተኛ ይጠብቃል። ሰው ሲተኛ ቀስ ብሎ እሽጉን ይቆነጥራል፤ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ ፊት ለፊቱ የነበሩት አዛውንት አንድ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። «እንብላ ጋሼ» ይላል በደነገጠ ድምፅ። ጋሼም «ይባረክ» ብለው ዓይናቸውን መልሰው ይከድናሉ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በመጨረሻ ልጁ ተነስቶ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ቆሞ ሲውጣት ታገኙታላችሁ። ከበላት ይልቅ ያነቀችው ይበዛል።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ አገር ስንቅ መያዝ የተወ ባቡሩ ብቻ ነው። የድሮው ባቡር ራሱም እንደ ተሳፋሪው ነበር፤ ማገዶውን ተሸክሞ፣ ውሃውን በጋኑ ሞልቶ ነበር የሚነሳው። የዛሬው ባዶ እጁን ይወጣል፤ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ከላዩ ከተዘረጋው ሽቦ እየተቀበለ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲበር ነው የተነደፈው። አንዳንድ ቀን ግን ኃይል ይቋረጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ግመል ሐዲዱ ላይ ይገባና ከእሱና ከባቡሩ ማን ይቀድማል የሚለው ጥያቄ በአሳዛኝ ሁኔታ ይፈታል፤ ባቡሩም ባለበት ይቆማል። ያኔ ፉርጎው ውስጥ የሚሆነውን ማየት ነው! ዘመናዊው ማሽን ስንቁ አልቆበት ሜዳ ላይ ሲገተር፣ ባለ አገልግሏ ቀና ብላ ትቀመጣለች። ምንም አትልም፤ ማለትም አያስፈልጋትም። ከቤት ሲወጡ በፌስታሉ ብዛት ሲነጫነጭ የነበረው ባሏ ወደ መስኮቱ ዞሮ ስለ አየሩ ሙቀት ማውራት ይጀምራል። አንድ ሰዓት ቆሞ የዋለ ባቡር የሃያ ዓመት የአገልግል ትርፍን ያስረሳል፤ በቀጣዩ ጉዞ ላይ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ የሚጨመረውም በዚህች በአንዲት ሰዓት ማስረጃነት ነው።

ድሬ ሲደረስ ጣጣው በአዲስ መልክ ይጀምራል። አክስት በር ላይ ቆማ «ፊታችሁ ገርጥቷል! ያ ሁሉ መንገድ በባዶ ሆድ!» ትላለች። ቀኑን ሙሉ «በሞቴ» ሲባባሉ የዋሉ ሰዎች በሞቴ ተብለው ማዕድ ይቀርባሉ። የተረፈውን አገልግል ማውጣት አይታሰብም፤ «ድሬ ምግብ የለም ብለሽ ነው?» የሚል ኩርፊያ ያስከትላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲተኛ በጨለማ ለጎረቤት ልጆች ይታደላል፤ ዕቃው ይታጠባል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ባዶ ዕቃ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። የመመለሻው ቀን ሲደርስ አክስት ከአፍ እስከ ገደፉ ትሞላዋለች፦ ሳምቡሳ፣ ሐላዋ፣ ሙሸበክ፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ። አይሆንም ብትሏት «የአዲስ አበባ ሰው ምን ይለናል?» ትላለች። የአዲስ አበባ ሰው አገልግሉን ከፍቶ እንደማያያት፣ ድፍን ባቡር ግን እንደሚያያት ታውቃለች።

እግራችሁ ከበር ሳይወጣም አንዲት ጎረቤት ትደርሳለች፤ አፉ በድርብ የተቋጠረ ፌስታል ይዛ። «ለእህቴ ልጅ ነው፤ ለቡ ጣቢያ ወጥቶ ይቀበልሃል። አደራ!» ይቺ ፌስታል ትሞቃለች። ከውስጧ የሚወጣው ሽታ ከእናንተ አገልግል ይልቅ ጎልቶ ፉርጎውን ያዳርሰዋል። ከሚኤሶ እስከ አዋሽ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ዓይን እሷ ላይ ነው፤ የራሳችሁን ሳምቡሳ ብትዘረጉለት «ይባረክ፣ በልቻለሁ» እያለ ያንኑ ፌስታል በቆረጣ ያያል። አደራ በመሆኗ «እንብላ» አይባልባትም። በዚህ መስመር ላይ ሳይጎድል የሚደርስ ምግብ እሷ ብቻ ናት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ከልቡ ሊበላ የሚፈልገውም እሷኑ ብቻ ነው።