ኬላ ያለው ሲዲ

መተማ ዮሐንስ ለሚኖር ሰው ስለ ኬላ አይነገረውም። ፍተሻው፣ ቀረጡ፣ «ምን ይዘሃል?» የሚለው ጥያቄ የዘወትር ኑሯችን ነው። ፍየል ብቻ ናት ድልድዩን ተሻግራ ገላባት ስትግጥ ውላ ማታ የምትመለሰው፤ መታወቂያ የጠየቃት የለም። ፊልምም ኬላ አለው ሲሉኝ ግን በስተርጅናዬ ያልሰማሁት ጉድ ሆነብኝ።

የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ አንድ የብሉሬይ ፊልም ላከልኝ። ማጫወቻውን ትልቁ ልጄ ከሪያድ ሲመለስ ይዞልኝ መጥቷል። የሰሊጡ አጨዳ አልቆ፣ ቀን ሲጠብሰን የዋለው ሙቀት በረድ ብሎ፣ መብራትም ባጋጣሚ ኖሮ፣ ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። ሲዲው ገባ፤ ዞረ፤ ጉርርር አለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቅ አለና ነገሩ አከተመ።

«አባየ፣ ሲዲው ሪጅን ኤ ነው፤ ማጫወቻው ሪጅን ቢ» አለኝ የልጅ ልጄ።

«ሪጅን ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንደ ዞን በለው።»

እኔ የማውቀው ዞን ምዕራብ ጎንደር ነው፤ ዋና ከተማው ገንዳ ውኃ፤ ጉዳይ ያለው ሄዶ ደጅ ይጠናል። የእነዚህ ጽሕፈት ቤት የት ነው? ፈረንጆቹ ዓለምን ሦስት ቦታ ሸንሽነዋታል። አሜሪካና ጃፓን ኤ፤ አፍሪካ፣ አውሮፓና ዐረቡ ቢ፤ ሩሲያ፣ ህንድና ቻይና ሲ። በዲቪዲው ጊዜ ደግሞ ሌላ ሽንሸና ነበር፤ እኛና ሱዳን ከሩሲያና ከህንድ ጋር 5፣ ግብፅ ከአውሮፓና ከጃፓን ጋር 2። ዓባይን አንድ ላይ እየጠጣን በፊልም ተለያይተን ነበር ማለት ነው! ብሉሬይ ሲመጣ ሦስታችንንም ቢ ውስጥ ከተቱን። ማን ተደራደረ? ማን ፈረመ? እኔ ከደጃፌ ሳልነሳ ከሞስኮ ወደ ፓሪስ ተዛወርሁ።

ልጁ ሁሉም ብሉሬይ እንዲህ እንዳልሆነ፣ የትም የሚጫወት ብዙ እንዳለ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ታዲያ ለእኔ የደረሰኝ ባለ ኬላው ነዋ!

ቆሽቴን ያሳረረው ግን ገና ነው። በ1998 ዓ.ም. ጥርት ላለ ፊልም የሚሆን ሁለት ዓይነት ሲዲ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ አንዱ ሶኒና ጓደኞቹ የያዙት ብሉሬይ፣ ሌላው የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ። ሁለቱም የሚነበቡት በሰማያዊ ጨረር ነው፤ ያንዱ ሲዲ ግን በሌላው ማጫወቻ አይሠራም። ብሉሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ይይዛል፣ ያኛው 15። ሀብታሙ ዓለም «የትኛውን ልግዛ» እያለ ሁለት ዓመት ያህል ሲጨነቅ ከረመ። በታኅሣሥ 2000 ዋርነር ብራዘርስ ለብሉሬይ ሲያደላ ሚዛኑ አጋደለ፤ የካቲት 11 ቀን 2000 ቶሺባ «በቃኝ» አለ። ታዲያ ያ የተሸነፈው፣ ያ የተጣለው ኤችዲ ዲቪዲ የሪጅን ኬላ አልነበረውም! አሜሪካ የተገዛው መተማም ይሠራ ነበር። ሁለቱ ተጋጥመው ባለ ኬላው አሸነፈ። እኔን ቢጠይቁኝ ለማን እንደምፈርድ የታወቀ ነው፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

ያን ጊዜ እኛ የት ነበርን? ሚሊኒየም እያከበርን። እዚህ ቆላ ደግሞ ገና ቪሲዲ ላይ ነበርን። ቪሲዲ ሰባ ምናምን ደቂቃ ስለሚይዝ ፊልሙ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሲዲ፣ ልጅቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ያልቃል፤ ሁለተኛውን ሁልጊዜ ጎረቤት ተውሶታል። ማንን እንዳገባች እስከ ዛሬ የማላውቃት ሙሽራ አለች። ሲዲ ሲጫጫር በጥርስ ሳሙና እናሸው ነበር፤ የማጫወቻውን ዓይን አቧራ ሲሸፍነው በጥጥ እንጠርገዋለን፤ ጥጥ መቼም መተማ ላይ አይቸግርም። ብሉሬዩንም በጥርስ ሳሙና ልሸው ብል ልጁ ጮኸብኝ። ፊልሙ ያለው ከላዩ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው አለኝ፤ የዲቪዲው ስድስት እጥፍ ይጠልቃል። እንዲያ የተወደደ ነገር ምን ቢያደርገው ነው ላይ ላዩን የሚቀመጠው?

«እንግዲያው ማጫወቻውንም ከአሜሪካ ይላክልን» አልሁ። እሱም ብዙው የ120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220 ያቃጥለዋል አለኝ። ለመብራትም ኬላ!

የልጁ መፍትሔ ፍላሽ ነው። ሱቅ ሄዶ ፊልም ያስሞላል፤ ፍላሿ ትጠፋለች፤ ቡና ስንለቅም ሰፌዱ ላይ ትገኛለች። ከዚያ «ኤችዲ ነው አባየ» ይልና መዳፍ በምታህል ስልክ ያሳየኛል። እነዚያ ኩባንያዎች ለጥራት ብለው የተናነቁት፣ እኔ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ሰክቼ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል ተዋናይ እንድፈልግ ነው?

ሲዲው እንኳ ከንቱ አልቀረም። ማሽላው መሐል በክር ሰቅየዋለሁ፤ ፀሐይ ሲያገኘው እየተብረቀረቀ ግሪሳ ያስደነብርልኛል። ባለቤቴ «የሰው ስጦታ እንዲህ ይሰቀላል?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ባለፈው የእህቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«በጣም ጥርት ያለ ነው ልጄ» አልሁት፤ «ከሩቅ ይታያል።»