ካላወቅክ ሲን አጥቁር፦ የግምት ጥናት ከአሶሳ

የሒሳብ መጽሐፍ ፕሮባቢሊቲን ሲያስተምር ከሦስት ዕቃዎች አይወጣም፦ ሳንቲም፣ ዳይስ፣ ባለቀለም ኳስ የሞላበት ከረጢት። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መልመጃውን እያዛጋ ይሠራል፤ "ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልናል?" ይላል። ያው ተማሪ ፈተናው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀርና ያልነካቸው ዐሥር የምርጫ ጥያቄዎች ሲያፈጡበት፣ ማንም ሳያስገድደው የግምት ተመራማሪ ይሆናል።

ዘርፉ እስካሁን ተገቢውን ዕውቅና አላገኘም። በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም የግምት ትምህርት ክፍል አልከፈተለትም። ሆኖም በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ማኦውና ኮሞው በየቋንቋው ቢያስብም፣ ግምት ላይ ሲደርስ ከሁለት ጎራዎች በአንዱ ይሰለፋል።

አንደኛው የሲ ጎራ ነው። "ካላወቅክ ሲን አጥቁር" የሚለው አስተምህሮ ደራሲ የለውም፤ ከታላቅ ወደ ታናሽ በቃል ይወርዳል። ጨርሶ መሠረት የለውም ማለትም ግፍ ነው። አታሊና ባር-ሂለል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ፈተና አውጪዎች ትክክለኛውን መልስ መካከል ላይ መሸሸግ እንደሚቀናቸው፣ ገማቾችም እዚያው መካከል እንደሚፈልጉት አሳይተዋል። መምህርና ተማሪ ሳይነጋገሩ ተግባብተዋል ማለት ነው። እርግጥ ቢም መካከል ናት፤ የሲ ጎራ በዚህ ነጥብ ላይ ዝምታን መርጧል።

ሁለተኛው የተራ ጎራ ነው። እምነቱ "ሲ ሁለቴ መጥታለች፣ ሦስተኛ አትደግምም፤ ዲ ከጠፋች ቆየች፣ አሁን ተራዋ ነው" የሚል ነው። ዕድሜውን በወረፋ ለሚያሳልፍ ሰው ፊደላትም ወረፋ ይጠብቃሉ ብሎ ማሰብ አይፈረድበትም። የአሶሳ ልጅ ደግሞ ቅደም ተከተል የሚባለውን ነገር ከሰማይ ያውቀዋል፦ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ሐምሌ ላይ ትናንት ከዘነበ ዛሬም ይዘንባል ብሎ የተወራረደ እምብዛም አይከስርም። የመልስ ቁልፍ ግን ወቅት የለውም። አራቱ ፊደላት በእውነተኛ ዕጣ ቢደለደሉ፣ 40 ጥያቄ ባለው ፈተና ውስጥ አንዱ ፊደል የሆነ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ የመከታተሉ ዕድል 87 በመቶ ገደማ ነው። ሦስት ሲ በተከታታይ አጥቁሮ፣ ደንግጦ፣ ትክክለኛ መልሱን በላጲስ ያጠፋ ጎበዝ ተማሪ የዚህ ጎራ ሰማዕት ነው።

ስሌቱ ለሁለቱም ጎራዎች አያዳላም። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ሁሉንም በግምት የሠራ ተማሪ ከ10 ጥያቄ 5 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 8 በመቶ ገደማ ነው። ከ20 ውስጥ ቢያንስ 10 ለማግኘት ወደ 1.4 በመቶ ይወርዳል። ከ40 ውስጥ 20 ሲሆን ከ10,000 ገማቾች ስድስት ያህሉ ብቻ ይደርሱበታል። ከ10 ጥያቄ 10ሩንም መድፈን ለሚመኝ ዕድሉ ከ1,048,576 አንድ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው ተባለ፤ አገር ተንጫጫ። ቁጥሩ ግን ከንጹህ ግምት ከሚጠበቀው በብዙ ይበልጣል። የሲ ጎራ ከውጤቱ ድርሻ ሊጠይቅ አይችልም።

የሒሳብ መጽሐፉ "ሳያይ አንድ ኳስ ቢያወጣ" ይላል። አሶሳ ገበያ ላይ ማንጎን ሳያይ፣ በአውራ ጣቱም ጫን ጫን ሳያደርግ የሚገዛ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የረገበውን ወደ ጎን ብሎ ከተረፈው ይመርጣል። ፈተና ላይም እንዲሁ ነው፦ አንዱን የማይሆን ምርጫ የሰረዘ ዕድሉ አንድ ሦስተኛ፣ ሁለቱን የሰረዘ ግማሽ ይሆናል። ከ40 ጥያቄ 20ውን የሚያውቅ ተማሪ ቀሪውን በጭፍን ቢሞላ 25 ያህል ይጠብቃል፤ በየጥያቄው ሁለት ሁለት መሰረዝ ከቻለ ግን 30። ለሁለቱም ጎራዎች የሚያሳዝነው፣ ለመሰረዝ ጥቂት ማንበብ ያስፈልጋል።

ለፈተና አውጪ መምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለ። አራቱን ፊደላት በአራት ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ኮፍያ ውስጥ ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ዕጣ አውጡና መዝግባችሁ ወደ ኮፍያው መልሱት። ሲ አራት ጊዜ ተከታትላ ብትወጣም እንዳትነኳት።