ሙቀት ወደ ላስታ ደጋ እንዳይወጣ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከተከዜ ሸለቆ እስከ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ፣ በላስታ፣ በቡግና፣ በግዳንና በመቄት የምትገኝ ሙቀት ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት የተከለከልህ መሆኑን እወቅ። አባቶች ዓመቱን በአራት ከፍለው ለመፀው፣ ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የየድርሻቸውን ሰጥተዋል፤ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 እንደሚወጣ ከቄስ ተማሪ ጀምሮ ሁሉም ያውቀዋል። ዝናብ ግን ይህን እያወቀ ሲያሻው ዘግይቶ ይገባል፣ ሲያሻው ቀድሞ ይወጣል። ይህን ሥርዓት አልበኝነት በዝምታ ማለፍ የማይቻል ሆኖ በመገኘቱ፣ ሹመቱን ማን እንደሰጠን ባይጠየቅ ደስ የሚለን እኛ፣ የሚከተለውን አውጀናል።

ተከሳሹ ሙቀት ያለ ማስረጃ አልተወነጀለም። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። በዚያው ዘመን ከሞቃት ቀኖች ይልቅ የበዙት ሞቃት ሌሊቶች ናቸው፤ ተከሳሹ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በተኛበት ሰዓት መሥራት ይመርጣል ማለት ነው። በዓለም ደረጃም 2024 እ.ኤ.አ. እስካሁን ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ሆኖ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ በልጧል። ጠበቃው «የፓሪሱ ስምምነት የ1.5 ዲግሪ ወሰን የሚለካው በብዙ ዓመታት አማካይ እንጂ በአንድ ዓመት አይደለም» ብለው ተከራክረዋል። ልክ ናቸው፤ ነጥቡ በቅጣት ማቅለያነት ተይዞላቸዋል። የተከሳሹ ግብረ አበር ወባ ናት። የደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ንዳድን ፈርቶ ቆላውን የሚሸሸው በከንቱ አልነበረም፤ ብርዱ ዘበኛው ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ የነበረውን የወባ መዝገብ መርምሮ፣ ሞቅ ባሉ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታ እንደሚወጣ፣ በቀዘቀዙት እንደሚወርድ አሳይቷል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ለጊዜው ትተኛ። ቢንቢ ግን ወሰን ስታቋርጥ መታወቂያ እንደማትይዝ ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ።

ይህ አዋጅ ገና በረቂቅ ሳለ «ሙቀት ቢመጣ ምን አለበት?» የሚል መቃወሚያ ቀርቦበታል፤ ነገሩ ውሃ የሚያነሳ ነው። ታኅሣሥ ላይ ለልደት ላሊበላ የሚሳለም ምዕመን በአለቱ ጥግ ሲያድር ብርዱ አጥንቱ ድረስ ይዘልቃል፤ ሌሊቱ ሞቅ ቢል ማን ይጠላል? ውርጭ ባቄላውን ከነአበባው ሲያከስልበት የኖረ ገበሬም ውርጭ ሞተ ቢሉት ድንኳን አይተክልም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ለቱሪስት ሲያስተዋውቁ፣ ፀሐይ ቃሏን እስከዚህ ታከብራለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። እንግዲህ ሙቀት ጥቅም የለውም አንልም። ጥቅሙን የሚሰጠው በሌሊት፣ ሒሳቡን የሚያወራርደው ግን በበልግ ነው እንላለን። የወሎ ደገኛ የበልግ ገብሱን በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ይዘራል፤ ክረምቱ ጠንክሮ በረዶ ሳይወርድበት ሰኔና ሐምሌ ላይ ለማጨድ ይሽቀዳደማል። ዝናቡ ጥቂት ሳምንት ከዘገየ ማሳው አረንጓዴ እንደሆነ ክረምት ይደርስበታል። ጨርሶ ከቀረ ደግሞ ቤተሰቡ ለዘር ያስቀመጠውን ቆልቶ ይበላል፤ ያ ቤት የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ጥሩ ቢሆን እንኳ የሚዘራው የለውም። ይህን ሒሳብ «ዛሬ አየሩ ደስ ይላል» የሚለው የከተማ ሰው አይከፍልም። ቀይ ቀበሮም ትከፍላለች፤ ሙቀቱ ወደ ላይ በገፋት ቁጥር፣ እርሻውም ተከትሏት በወጣ ቁጥር፣ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ 4,260 ሜትር ላይ ያልቅባታል። ስለዚህ ተራራው 300 ሜትር እንዲያድግ ታዟል። የማስፈጸሚያ በጀት አልተያዘለትም።

ቀጥሎ የመጡት «ድርቅ ዛሬ ተጀመረ እንዴ?» ባዮች ናቸው። ክፉ ቀን የተባለው የአፄ ምኒልክ ዘመን ረሃብ ነበር፤ 1966 ነበር፤ 1977 ነበር። እነዚህን ለማምጣት የዛሬው ሙቀት አላስፈለገም። ኤልኒኞም ቢሆን የሰሜኑን ክረምት ሲያሳጣን የኖረ የቆየ ባለዕዳችን ነው፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ጠባቂ ያደረገው እሱ ነው። ይህን ሁሉ እናምናለን። ነገር ግን የቆየ ባለዕዳ መኖሩ አዲሱን ነጻ አያወጣም። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር መያዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ አየር በድርቁ ቀን ከማሳው እርጥበት የሚመጠው ይበዛል፤ የዘነበ ቀን ደግሞ የያዘውን ባንዴ ይዘረግፈዋል። በሌላ አነጋገር፣ አያት ገብስ ያበቀሉበት ያው የዝናብ መጠን ዛሬ ቢዘንብ እንኳ ለልጅ ልጃቸው ማሳ አይበቃም፤ ከሚዘንበውም ብዙው አፈሩን ይዞ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ድርቅና ጎርፍ ባንድ ዓመት ባንድ ቀበሌ መታየታቸው ሙቀት የለም ለሚለው ወገን ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ መስማት፣ ዳኛ ያደረገን ሰው ካለ ያዝንልናል፣ አድካሚ ነው።

ከሁሉ ጠንቃቃ አያያዝ የሚፈልገው «የእግዜር ቁጣ ነው» የሚለው ነው፤ ምሕላ በሚያዝበት አገር ይህን በአሽሙር ማለፍ ነውር ነው። ቁጣ ነውም አይደለምም ብሎ መፍረድ ከሥልጣናችን በላይ ነው። ከዚህ የሚከተለው «ስለዚህ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ» ግን ከሥልጣናችን በታች ነው። መልሱን ለማግኘት ከላሊበላ መውጣት አያስፈልግም። አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት የፈለፈሉት ሰዎች ከእኛ ባነሰ የጸለዩ አይመስለንም፤ ሆኖም ጣሪያው ላይ ውሃ እንዳይተኛ ተዳፋት ሰጥተውታል፣ ዙሪያውን የቆፈሩትንም ውሃ በቦይ እንዲወርድ አስተካክለውታል። ቦዩን የጠረበው መሐንዲስ በእግዚአብሔር ላይ እምነት አጥቶ ነው የሚል ደፋር ካለ ይቅረብ። ያ አለት ሲርስና ሲደርቅ፣ ሲርስና ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከላያቸው የቆመው ግዙፍ የብረት መጠለያም ለዚሁ የመጣ ነው። መጠለያውን የማይወደው ብዙ ነው፤ እኛም ውበቱን ለመመስከር አልተጠራንም። ጸሎትና ቦይ ባንድ አለት ላይ ስምንት መቶ ዓመት አብረው መኖራቸውን ግን እንመሰክራለን።

«ጥፋቱ የፈረንጅ ነው» የሚለው መቃወሚያ ደግሞ በአብላጫ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል። አፍሪካ በሙሉ ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ያላት ድርሻ ከ4 በመቶ በታች ነው፤ የላስታ ጭስ ምን ያህል እንደሆነ ለመለካት የጉልቻው ቁጥር ይበቃል። ለጉዳትና ኪሳራ ማካካሻ የሚሆን ፈንድ በ2022 እ.ኤ.አ. ሻርም ኤል ሼክ ላይ ሲወሰን ያጨበጨብነው በሐቃችን ነው፤ 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲቀመጥም እንግዶቹን ይህንኑ ሐቅ ከቡናው ጋር እናቀርብላቸዋለን። ሆኖም ተበዳይ መሆን ጎተራ አይሞላም። ካሳው በፍርድ ቤት አካሄድ ሲመጣ፣ ገብሱ ግን የሚጠብቀው እስከ ሰኔ ብቻ ነው። ችግርን ሌላ ሰው ላይ አሳልፎ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል ወሎ ምስክር አያጣም፦ የ1966ቱ ረሃብ ወሬ እንዳይሰማ ሲታፈን፣ ሰው በየመንገዱ ወድቆ አለቀ፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት የረሃቡ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ንጉሠ ነገሥቱም አዩት፤ በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያ ረሃብ የድርቅ ብቻ ሳይሆን የዝምታም ነበር፤ እኛም ሙቀትን ስንከለክል ዝምታን በነጻ ልንለቀው አንችልም።

ስለዚህ በዚህ አዋጅ ውርጭ ኅዳር ላይ በሥራ ገበታው እንዲገኝ፣ በረዶ የገብስ አጨዳ እስኪያልቅ እንዲታገስ፣ ሙቀትም የወሰደውን 1.3 ዲግሪ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመልስ ታዟል። ተከሳሾቹ ባይታዘዙ ለመታዘዝ የሚችሉት ወገኖች ተጠሪ ይሆናሉ፦ የሜትዎሮሎጂ ትንበያ አዳራሽ ውስጥ ተነቦ እንዳይቀር በገበያ ቀን ይነገር፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር ገበሬው እጅ የሚገባው ከዝናቡ በፊት ይሁን፤ ሕዝቡ በጉልበቱ የሠራው እርከንና ክትር ሲፈርስ ይጠገን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ መገለጹ ይታወሳል። ለዚያ ቆጠራ የወጡት ቆጣሪዎች በዓመቱ ተመልሰው በሕይወት ያሉትን እንዲቆጥሩ ታዘዋል፤ ለዚህኛው ጉዞ ካሜራ አይፈቀድም።

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ልማድ፣ በተለይም «ለዘንድሮ እግዜር ያውቃል» የተባለው ነባር መመሪያ፣ ተሽሯል። ይህ አዋጅ የበልግ ዝናብ በቀኑ ከዘነበበት ዕለት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ዝናቡ ከዘገየ የሚጸናበት ቀን በሌላ አዋጅ ይራዘማል።