ሟች ፒሲኤክስ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያልተለቀሰለት

የሥዕል ፋይል ዓይነት የነበረው ሟች ፒሲኤክስ ከአባቱ ከዜድሶፍት ኩባንያ፣ ከእናቱ ፒሲ ፔይንትብረሽ ከተባለችው የሥዕል ፕሮግራም፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተወለደ። በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር በማይክሮሶፍት ቤት በማደጎ ገባ፤ ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ግን የቤቱ የሥዕል ፕሮግራም ፔይንት በእሱ ስም ሥዕል ማስቀመጥ ተወ። ከቢቸና እስከ ሞጣ ጥሩንባ የነፋለት የለም፤ በጽሕፈት ቤቱም በፎቶ ቤቱም የሚዘዋወረው ሌላው የሥዕል ፋይል ዓይነት፣ ጄፔግ ነው። እኔ ግን ሟች ለዚህ አገር ባዳ አልነበረም እላለሁ። የገደለውም ስንፍናው ሳይሆን የእኛ ልማድ መለወጥ ነው።

ጠባዩን እንመልከት። ሥዕሉን መስመር በመስመር እያነበበ ይሄድና ቀለም ሲደጋገምበት ነጥቡን አንድ በአንድ አይጽፍም፤ “ቀይ፣ 63 ጊዜ” ብሎ ያልፋል። የጤፍ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም፤ ጤፍ በቁና ይሰፈራል እንጂ በፍሬ አይቈጠርም። የሟች ቁና ከ63 በላይ ስለማትይዝ 600 ነጥብ ያለው ወጥ ቀይ መስመር አሥር ጊዜ ይሰፈራል፤ 600 ባይት የነበረው በ20 ያልቃል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው የጎንደር የሥዕል ስልት ለእሱ የተሣለ ይመስላል፤ ቀለሙ ደማቅና ጥላ የለሽ፣ መደቡም ወጥ ነውና። ሁለተኛው ስልት ግን መደቡን ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ያሸጋግራል፤ እዚያ ላይ ሟች ትንፋሽ ያጥረዋል። ይባስ ብሎ ባለ 256 ቀለም ሥዕል ውስጥ የቀለም ሰንጠረዡን የመጨረሻ 64 ቀለማት ነጠላ ነጠላ ሆነው ሲያገኛቸው ለእያንዳንዳቸው ሁለት ባይት ያወጣል፤ ሊያሳንስ የተጠራው ያሳብጣል።

“የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ዛሬ በስልክ ነው የምናነሣው፤ ፎቶ ውስጥ ወጥ ቀለም ከየት ይመጣል?” የሚል ለቀስተኛ ይኖራል። ልክ ነው። የግድግዳው ስንጥቅ፣ የጧፉ ጥቀርሻ፣ የብርሃኑ መዘበራረቅ ተደማምረው አንዱን ቀይ ነጥብ ከጎረቤቱ ይለዩታል። የእኔም ሙግት ይኸው ነው፦ ፒሲኤክስ የሠዓሊ እንጂ የፎቶ አንሺ አገልጋይ አልነበረም። ኮምፒውተር ላይ በእጅ ከመሣል ይልቅ ያነሡትን ማሳመር ሲበዛ ሥራ ፈታ። ጄፔግ የበለጠው በፎቶ ነው፤ ስል መስመር ያለው ሥዕል ሲሰጡት ግን ዳር ዳሩን ያጨቀየዋል።

“ጂምፕና ኢርፋንቪው የተባሉት ፕሮግራሞች ዛሬም ይከፍቱታል፤ ምኑ ነው የሞተው?” ለሚለው መልሱ ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ፣ ቅኔ ከሚማሩበት ከዲማ ጊዮርጊስ ገዳም አለ። ግዕዝን በቤቱ የሚያወራው የለም፤ በጉባኤ ቤቱ ግን ቅኔ ሲዘረፍ ትናንት ያልነበረ ነገር በግዕዝ ይፈጠራል። ስለዚህ ግዕዝ በሕይወት አለ። ፒሲኤክስ ይነበባል እንጂ አዲስ ሥዕል የሚሥልበት ጠፋ። የአንባቢ ብዛት ከሞት አያስነሣም።

አሮጌ ዲስኬት ያለው ዘመድ ካለ፣ የሟችን አደራ ፒኤንጂ ወደተባለው የፋይል ዓይነት ያዛውር፤ ከነጥቡ አንዱም አይጐድልም። ለጄፔግ እንዳይሰጥ አደራ፤ ባላንጣ ተዝካር አያወጣም።